ድልድይ ያልተሻገረው ቀለም ቀቢ

ቀቢው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ድልድይ ቀብቷል። አንድ ድልድይ፤ ያውም ግማሹን። ከተማዋ በፖስታ ካርድ፣ በብስኩት ካርቶን፣ በአውቶቡስ ትኬት ጀርባ ላይ ሳይቀር የምትኩራራበትን ያንን ትልቅ የብረት ድልድይ እሱ የሚያውቀው ከሆዱ በኩል ነው። የትኛው ብሎን ዝናብ በመጣ ቁጥር እንደሚያለቅስ፣ የትኛው መጋጠሚያ ቀለም አልቀበልም ብሎ እንደሚተፋ ቢጠይቁት ዓይኑን ጨፍኖ ይነግርዎታል። ተሻግሮት እንደሆነ ብቻ አይጠይቁት። አልተሻገረውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ድልድዩን የሚቀቡት ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ አንደኛው ከወዲህኛው ዳር፣ ሌላው ከወዲያኛው ዳር ይነሱና መሐል ላይ ይገናኛሉ። ይገናኛሉ የሚባለው ለወጉ ነው እንጂ ተገናኝተው አያውቁም። አርባ ስምንተኛው ምሰሶ ድንበራቸው ነው። እዚያ ሲደርሱ የጀመሩበት ቦታ ዝጎ ስለሚጠብቃቸው ባልዲያቸውን አንስተው ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ። ይህን ያዘዘ መሐንዲስ ከሞተ ቆይቷል። ትእዛዙ ግን አልሞተም።

ድንበሩ ላይ ደግሞ አንድ ክንድ የምታህል ብረት ነበረች። የወዲህኞቹ «የእነሱ ናት» አሉ፤ የወዲያኞቹም «የእነሱ ናት» አሉ፤ እሷ ምስኪን በመሐል ቤት ስድስት ዓመት ዛገች። አንድ ቀን የወዲያኞቹ አለቃ ራሱ በገመድ ወርዶ ቀባት። መቅባቱስ ባልከፋ፤ ግን ብሩሹ ሦስት ጣት ያህል ወደ ወዲህ አለፈ። ሦስት ጣት! ቀቢው ያንን ያየ ዕለት ምሳ አልበላም። በማግስቱ በላዩ ላይ የራሱን ቀለም ደረበበት። በሳምንቱ አለቃው መልሶ ደረበበት። ሁለቱም የሚቀቡት ከአንድ መጋዘን የወጣ አንድ ዓይነት ግራጫ መሆኑን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲደራረቡበት ያቺ ቦታ እንደ እንጀራ ልጅ ሳይሆን እንደ አንድያ ልጅ ወፈረች፤ ድልድዩ ቢፈርስ እሷ ብቻዋን አየር ላይ የምትቀር ይመስላል።

በዚህ ላይ ትዳር መጣ። በዚህች ከተማ ስንት ወንድ አለ? የቀቢው ሴት ልጅ ግን መርጣ መርጣ የዚያን የወዲያኛውን አለቃ ልጅ አገባች። ሰርጉ በወዲህ በኩል ስለነበር ቀቢው ተገኘ፤ ከልቡም መረቀ። ሙሽሮቹ ቤት የተከራዩት ከድልድዩ ማዶ መሆኑን ሲሰማ ግን ፊቱን አጠቆረ፤ «እኔ እዚያ ማዶ እግሬን አላነሳም» አለ። ልጅቱም የእሱ ልጅ ናት፤ «እሱ ቤቴ ካልመጣ እኔ ቤቱ አልሄድም» አለች። ሁለቱም አፋቸው ያመጣላቸውን ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ሲጠብቁ አራት ዓመት አለፈ። በመካከሉ የልጅ ልጅ ተወለደች።

ሚስቱ በየአስራ አምስት ቀኑ «ገበያ ደርሼ ልምጣ» ትለዋለች። ባዶ ዘንቢል ይዛ ወጥታ በአውቶቡስ ትሻገርና ባዶ ዘንቢል ይዛ ትመለሳለች።

«ገበያው እንዴት ነው?» ይላታል ጋዜጣውን ሳያወርድ።

«ጥርስ አበቀለ።»

«ስንት?»

«ሁለት፤ ከታች።»

ጋዜጣውን ይገልጣል። አንዳንዴ ገበያው ጉንፋን ይዞት ይሰነብታል። አንድ ሰሞን ገበያው ግድግዳ ይዞ መራመድ ጀመረ። ባለፈው ወር ደግሞ ገበያው በነገሩ ሁሉ «ለምን?» እያለ ማስቸገሩን ነገረችው። ቀቢው ያን ቀን ጋዜጣውን ገልብጦ ይዞ እንደነበር ያወቀው ከሄደች በኋላ ነው።

ጡረታ ከወጣ ሦስት ወር ሆኖታል። ሦስት ወር ሙሉ ቤቱን ቀባ። በሩን ቀባ፣ የመስኮቱን ፍርግርግ ቀባ፣ በርጩማውን ቀባ፣ የበርጩማውን ሥር ቀባ። ሚስቱ አንድ ጠዋት የውኃ ባልዲዋን ብታነሳ መያዣው እጇ ላይ ተጣበቀ።

«ነገ» አለችው እጇን በጋዝ እየፈተገች፣ «ድልድዩን ታስጎበኘኛለህ።»

«ድልድዩን?»

«ድልድዩን። የሰው አገር ሰው ሁሉ ገንዘቡን ከፍሎ መጥቶ ያየዋል። እኔ የቀቢው ሚስት በእግሬ ረግጬው አላውቅም።»

በየአስራ አምስት ቀኑ በአውቶቡስ ትሄጂበት የለም ወይ ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ገበያው በወዲህ በኩል መሆኑ ትዝ ሲለው ዋጠው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወጡ። ቀቢው የክት ኮቱን ለብሷል፤ ሚስቱ ዘንቢሏን አልያዘችም፤ ይህን ልብ ማለት ነበረበት፤ አላለም። መጀመሪያ የድልድዩን ሥር ሰፈር አስጎበኛት፤ ማለትም ብሎንና ሚስማር የሚሸጡባቸውን ሱቆች፣ የቡድኑን የቆርቆሮ መጋዘን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጠባትን የሻይ ቤት ወንበር። ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ቀቢው የሰላምታ ያህል ራሱን ነቅነቅ አደረገ፤ ሰውዬው ግን ማን እንደሆነ አላወቀውም። «ቆንጆ ወንበር ነው» አለችው ሚስቱ ለማጽናናት።

ከዚያ ደረጃውን ወጥተው የእግረኛው መንገድ ላይ ደረሱ። ቀቢው ከላይ በኩል እንግዳ ሆነ። ነፋሱ ከማያውቀው አቅጣጫ ይነፍሳል፣ ሰው ይጋፋል፣ ፎቶ አንሺ «ፎቶ!» ይላል፣ በየምሰሶው ሥር ፍቅረኞች ስማቸውን ጭረዋል። ቀቢው ስሙን ሳይሆን ቀለሙን ነው ያየው። «ተመልከች እስቲ፣ እስከ ብረቱ ነው የፋቁት! አሁን ይህ በሁለት ዝናብ ይዝጋል» እያለ በየፍቅሩ ፊት ቆመ። ሚስቱ ወንዙን እያየች ነበር።

አንድ አስጎብኚ ዣንጥላ ከፍ አድርጎ ጎብኚዎቹን ሰብስቦ ይናገራል።

«ይህ ግራጫ ቀለም የንጋት ጉም እንዲመስል በአንድ ታላቅ ሠዓሊ የተመረጠ ነው።»

«መጋዘን ውስጥ የተረፈው እሱ ስለነበር ነው» አለ ቀቢው።

ጎብኚዎቹ ዞሩ። አስጎብኚው ጨዋ ሰው ነው፤ ፈገግ አለ። «አባቴ፣ ማስረጃ አለዎት?»

«ባልዲው ላይ ተጽፏል። ‹ለጀልባ ብቻ› ይላል።»

ጎብኚዎቹ ከማስረጃውና ከጉሙ ጉሙን መረጡና ተከትለውት ሄዱ። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ጎተተችው፤ እንዲያ እያለ፣ ምሰሶ በምሰሶ ዝገት እያስጎበኛት፣ አርባ ስምንት ላይ ደረሱ።

«በቃ፣ ይሄ ነው» አለ። «ከዚህ ወዲያ ያው ብረት ነው።»

ሚስቱ አጥሩን ተደገፈች። «ስማ» አለችው። «ቅዳሜ ሊሄዱ ነው።»

«እነማን?»

«ገበያው።»

ቀቢው የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ባልየው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቷል። የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። ዕቃ እያሰሩ ናቸው። አራት ዓመት ለምኜህ አላውቅም፤ ዛሬም አልለምንህም። ድልድዩን ስትጨርሰው በስተቀኝ ሻይ ቤት አለ። እዚያ ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ አልጠብቅህም፤ ብቻዬን እገባለሁ።»

ይህን ብላ ሄደች። ወደ ኋላ ትዞር እንደሆነ አያት፤ አልዞረችም።

ቀቢው አርባ ስምንትን ተደግፎ ቀረ። ሰው ቢጠይቀው ስለ ሦስት ጣት ሽንጡን ገትሮ በተከራከረ ነበር። ግን የጠየቀው የለም፤ ለብቻው ሲሆን ደግሞ እውነቱን ያውቀዋል። ሦስት ጣቱ ከልቡ ከወጣ ቆይቷል። የቀረው እፍረት ነው። በሩን አንኳኩቶ ምን ይላል? «ደህና ዋላችሁ፣ በመንገዴ ሳልፍ» አይባል፤ አራት ዓመት። ይቅርታ የሚባለውን ነገር ሲል ራሱን ሰምቶት አያውቅም፤ ድምፁ ምን እንደሚመስልም አያውቀውም። ፈራ። ሠላሳ አንድ ዓመት ውኃ ላይ ሲንጠለጠል ያልፈራ ሰው ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ቆሞ ምሰሶውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ጋሼ፣ አንዴ ያነሱናል?»

ተመሳሳይ ባርኔጣ ያደረጉ ሁለት ወጣቶች ስልክ ዘርግተውለታል። ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ሥራ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ተቀበላቸው። ምሰሶው ሥር አቆማቸው። ወደ ስልኩ መስታወት ቢያይ እነሱ አሉ፣ ምሰሶው ግን ወገቡ ላይ ተቆርጧል። ራስ የሌለው ምሰሶ ማንሳት ለእሱ ነውር ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ትከሻው ድረስ መጣ። ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄደ። «ይበቃል ጋሼ!» ይላሉ ወጣቶቹ። ይበቃል የሚባል ነገር የለም። መንገደኛው በግራ በቀኝ እየተቆጣ ያልፈዋል፤ እሱ ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ። በመጨረሻ ምሰሶው እስከ ጫፉ ገባ። ወጣቶቹ የጉንዳን ያህል ሆነዋል። አነሳቸው።

ሮጠው መጥተው ስልካቸውን ወሰዱ፤ አዩት፤ ተያዩ፤ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ሌላ የሚያነሳቸው ሰው ፍለጋ ሄዱ። ቀቢው አጥሩን ሊደገፍ ዞር ሲል ከአጠገቡ ባለው ምሰሶ ላይ በነጭ የተጻፈውን ቁጥር አየ። ሃምሳ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በፊቱ ያላለፈውን ድንበር በጀርባው አልፎታል። ግራ ቀኙን አየ። የደነገጠ የለም። ሰማዩ ቦታው ነው፣ ድልድዩም ቦታው ነው፣ አንዲት ሴትዮ የሕፃን ጋሪ እየገፋች «እባክዎ ያሳልፉኝ» አለችው። አሳለፋት። ቆሞ አሰበ፦ አሁን ቢመለስ ድንበሩን ሁለተኛ መሻገሩ ነው። አንዱ ሳያውቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን አውቆ ይሆናል። በዚህ ስሌት ወደ ፊት መሄድ ጥፋቱን ይቀንስለታል። ሄደ።

ሲሄድም ባዶ እጁን አልሄደም፤ አውራ ጣቱን ይዞ ነው። በየምሰሶው ቆሞ በጥፍሩ ቀለሙን ሞከረ። ሃምሳ አንድ፣ ምንም። ሃምሳ አምስት፣ ምንም። የሌላ ሰው ንጹሕ ሥራ ጠላት ያደርጋል፤ ስልሳ ላይ ሲደርስ ደሙ ፈልቷል። ስልሳ ሦስት ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ዝገት ሲያገኝ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በኋላ እርምጃው ቀለለው።

ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰፈር አስደነገጠው። ብሎንና ሚስማር የሚሸጡ ሱቆች። የቆርቆሮ መጋዘን። ከመጋዘኑ ቀጥሎ ሻይ ቤት፤ ወንበሮቹ እንኳ አንድ እግራቸው አጠር ያለ፣ ልክ እንደ ወዲያኞቹ። አሁን ወዲያኛው የቱ እንደሆነ ለአፍታ ጠፋው። ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ሁለት ሻይ አለ።

«ሁለት ነው ያዘዝሽው?»

«አንዱን ልደግመው ነበር» አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። ሻዩ ቀዝቅዟል።

ከኋላቸው ጫማቸው ላይ ግራጫ ቀለም የፈሰሰባቸው ሁለት ሽማግሌዎች ያወጋሉ። «እነዚያ የማዶዎቹ እኮ» ይላል አንዱ፣ «ብሩሽ የሚይዙት እንደ ማንኪያ ነው።» «ከዚያም ይጎርሱታል» አለ ሁለተኛው። ቀቢው ሊነሳ ቃጣው። ቁጣውን ያባሰበት ስድቡ አይደለም። ስድቡ የራሱ ነው፤ ቃል በቃል፣ ከነመጉረሱ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ማዶ ሲለው የኖረው። ሚስቱ ጉልበቱን ያዝ አደረገችው።

«አለቃችንስ ደህና ነው?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱን ሲቀባ ይውላል አሉ። በቀደም የዶሮዎቹን ቤት ቀባና ዶሮዎቹ አንገባም አሉ።»

ሁለቱ ሳቁ። የቀቢው ሚስትም ሳቀች። ቀቢው የሚያስቅ ነገር አላገኘበትም፤ ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ «እንሂድ» አለ።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ሦስተኛው ላይ ሊያርፍ ቆመ፤ ሚስቱም ቆመች፤ አላቻኮለችውም። በሩን የከፈተው አማቹ ነው፤ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር በጥርሱ ነክሷል። ቀቢውን ሲያይ ፕላስተሩ ከአፉ ወድቆ እየተንከባለለ ደረጃውን ወረደ። «ይግቡ አባቴ፣ ይግቡ» አለ፤ ፕላስተሩን ተከትሎ ወረደ፤ ቶሎም አልተመለሰ። አስተዋይ ልጅ ነው፤ የአባቱ ልጅ አይመስልም።

ሴት ልጁ ከማድቤት ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ወጣች። ቆመች።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«በእግርህ?»

«በእግሬ።»

መንገድ ሙሉ ያዘጋጀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ጠፋበት። እሷም ያዘጋጀችው ሳይኖራት አይቀርም። «ጫማህን አታውልቅ፣ ቤቱ ዝርክርክ ነው» አለች፤ መጥታ አንገቱ ሥር ገባች። ሳህኑ በመሐላቸው ደረቱን እየወጋው ነበር። አላነቃነቀውም።

ክፍሉ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። አንዱ ካርቶን መስኮቱ ሥር ነው፤ ካርቶኑ ላይ ደግሞ አንዲት ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆማለች። ገበያው።

«ነይ፣ አባባን ሳሚው» አለቻት እናቷ ዓይኗን እየጠረገች።

ልጅቷ ዞረች። ከጫማው እስከ መላጣው አየችው። «ይሄ አባባ አይደለም።»

«ነው እንጂ የኔ እናት።»

«አባባ እዚያ ነው ያለው» አለችና ጣቷን መስታወቱ ላይ አደረገች።

ቀቢው ጎንበስ ብሎ በጣቷ አቅጣጫ አየ። ወንዙ አለ፤ ድልድዩ አለ፤ ከዚህ ሲታይ አንድ ወጥ ነው፣ አርባ ስምንት የቱ እንደሆነ አይለይም። ሩቅ፣ እሱ በቀባው ግማሽ በኩል፣ ከመንገዱ ሥር ቢጫ ቱታ የለበሰ አንድ ሰው በገመድ ተንጠልጥሏል። የሩዝ ፍሬ ያክላል።

«ቤቱን የተከራየነው ለመስኮቱ ነው» አለች ሴት ልጁ ከኋላው። «ውኃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፤ ደረጃውንም አይተኸዋል። ግን ጠዋት ጠዋት ትታያለህ። እሷ ከተወለደች ወዲህ ደግሞ ታቅፌያት እዚህ እቆማለሁ። አባባን ሰላም በይው እላታለሁ። እጃችንን እናውለበልባለን።»

«በየቀኑ?»

«ከእሑድ በቀር።»

«እኔ አላየኋችሁም።»

«ዞረህ አታውቅማ አባዬ።»

ነፋሱ ከዚህ በኩል ስለሚመጣ ፊት አይሰጥም ሊላት ፈለገ። ባልዲው እንዳይንጋደድ ሊላት ፈለገ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ከአፉ አልወጡ አሉ።

«ጡረታ ከወጣሁ እኮ ሦስት ወር ሆነኝ» አለ በመጨረሻ። «ያ እኔን የተካው ሰውዬ ነው።»

«አውቃለሁ፤ እማዬ ነግራኛለች። ታዲያ ምን ልበላት? ከእንቅልፏ ስትነሳ የምትሮጠው ወደዚህ ነው።» ሳህኑን ካርቶን ውስጥ አስቀመጠች። «ከዚህ ሲታይ ደግሞ ልዩነት የላችሁም።»

ሚስቱ በሩ ጋ እንደቆመች ናት፤ ዓይኗን ሌላ ቦታ አድርጋለች። ልጅቷ እንግዳው ሰውዬ ለምን እንደከፋው አልገባትም፤ ለጋስ ስለሆነች ግን ካርቶኑ ላይ ጠጋ ብላ በመስኮቱ በኩል ቦታ ሰጠችው። ኮቱን ጎተት አደረገችው።

«አንተም ሰላም በለው።»

ቀቢው እጁን አነሳ። ያ እጅ ማውለብለብ አይችልበትም፤ ግድግዳ እንደሚቀባ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች አለ። ድልድዩ ላይ ያለው ሰው አልዞረም።

«አያየንም» አላት።

«አባባ አያይም» አለችው ልጅቷ፣ እንዳይከፋው ብላ፣ በለሆሳስ። «ዝም ብለህ አውለብልብ።»